ይድረስ ለራሴ፦ «ደህና ነኝ» የማንልበት ደብዳቤ

ከእስራኤል ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደዚህ ለብዙ ዓመታት የተመላለሱት ደብዳቤዎች አንድ ቦታ ቢሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ቃል እንደሚጀምሩ ሁላችንም እናውቃለን። «ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ከእናንተ ሐሳብና ናፍቆት በስተቀር አምላክ ይመስገን በጣም ደህና ነን።» ከዚያ የዘመድ አዝማዱ ስም በየተራ እየተጠራ ሰላምታ ይቀርባል። ሰላምታው የወረቀቱን ግማሽ ይፈጃል። ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለተላከው ፎቶግራፍ ጥቂት ይነገርና ወረቀቱ ያልቃል።

ዛሬ ብዙዎቻችን ደብዳቤ መላክ ትተናል። በስልክ እንደዋወላለን፣ በዋትስአፕ ድምፃችንን ቀድተን እንልካለን፣ ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን። መሣሪያው ቢለወጥም ቃሉ አልተለወጠም። ስልኩ ሲነሳ የሚቀድመው «ደህና ናችሁ? እኛ ደህና ነን» የሚለው ነው።

ይህን ስንል «ደህና ነን» ማለት ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ክፉ ወሬ በወረቀት አይላክም። መርዶ እንኳ ቢሆን ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ ማልደው ሄደው፣ ሰውየውን ከበው ይነግሩታል እንጂ ብቻውን ተቀምጦ እንዲያነበው አይደረግም። ስለዚህ ጎንደር ያለችው እናት መታመሟን ትደብቃለች፤ እዚህ ያለው ልጇ ሥራ ማጣቱን ይደብቃል። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው። ወደዚህ ለመምጣት ተራውን ለሚጠብቅ ዘመድ «እዚህም ችግር አለ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። የሚጠብቅን ሰው ተስፋ ማሳጣት ይመስላል።

እዚህ ከገባን በኋላ በዚህ ላይ ሌላ «ደህና ነን» ተምረናል። የኡልፓን መምህርቷ በመጀመሪያው ሳምንት «ማ ሽሎሜኽ?» ብላ ስትጠይቅ የሚመለስላት «በሴዴር» የሚል ነው። ቃሉ «በሥርዓቱ ነው» እንደማለት ነው። ለመያዝ ቀላል ነው፤ ለሁሉም ጥያቄ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ለመናገር የሚያስችል ዕብራይስጥ ገና ስለሌለን ብዙ ጊዜ ንግግሩ እዚያው ያበቃል። እንግዲህ በአማርኛም በዕብራይስጥም ደህና ነን ማለት ነው።

ታዲያ ደህና ያልሆነው ነገር የት ይነገራል? ለባል ወይም ለሚስት እንዳይነገር እነርሱም የራሳቸው ሸክም አለባቸው። ለልጆች አይነገርም። ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ለመናገር አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚው ደግሞ የጎረቤት ዘመድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። የሚፈጀው ራሱን ባለ ሆዱን የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በዚህ ዕትም ልናስተዋውቃችሁ የፈለግነው ልማድ ለራስ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ያስቃል። «ለራሴ ምን ብዬ እጽፋለሁ? የማላውቀው ነገር አለ ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስራኤላውያን «ዮማን» የሚሉት የዕለት ማስታወሻ አለ፤ «ዮም» ከሚለው፣ ቀን ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ነው። በትምህርት ቤት ልጆች እንዲጽፉ የሚበረታቱት እርሱን ነው። እኛ ግን የዕለት ማስታወሻ ለአብዛኛው ሰው አይመችም ባዮች ነን። ባዶ ገጽ ከፍቶ «ዛሬ ይህን አደረግሁ» ብሎ መጀመር ግራ ያጋባል፤ ለማን እንደሚወራ አይታወቅም። ደብዳቤ ግን የምናውቀው ነገር ነው። አጀማመሩን እናውቃለን፣ ሰላምታውን እናውቃለን፣ አጨራረሱን እናውቃለን። «ይድረስ ለ...» ካሉ በኋላ እጅ ራሱ ይሄዳል። የሚለወጠው ተቀባዩ ብቻ ነው።

ደግሞም ራስን ማነጋገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መዝሙረ ዳዊትን የሚያነብ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዘማሪው በብዙ ቦታ ነፍሱን እየጠራ ያነጋግራታል፤ ለምን እንዳዘነች ይጠይቃታል፣ ያበረታታታል። ከቤተ መቅደሱ ርቆ በሰው ሀገር የሚቃትት ሰው መዝሙር ውስጥ ይህ ንግግር መገኘቱ ለስደተኛ ሰው የሚሰጠው ትርጉም አለ።

ለራስ የሚጻፍ ደብዳቤ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት አንድ ምሳሌ አዘጋጅተናል። ደብዳቤው የማንም ሰው አይደለም፤ በብዙ ቤት የሚደርሰውን አይተን እኛ የጻፍነው ነው።

«ይድረስ ለእኔው ለራሴ። ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ዛሬ እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ ባዳ አይደለሁም።

«ትናንት ቁፓት ሖሊም ሄደሽ ነበር። ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፤ ስታይሽ ፈገግ አለች። የጠየቀችሽን ሁሉ ወደ አማርኛ የመለሰልሽ ግን ልጅሽ ነው። ገና 11 ዓመቱ ነው። ስለ ወር አበባሽ ስትጠይቅ ልጁ አንገቱን ደፋ። አንቺም ‹ደህና ናት በላት› አልሽው። ደህና አይደለሽም። ሁለት ወር ሙሉ ያመመሽን ሕመም ይዘሽ ሄደሽ፣ እንደያዝሽው ተመለስሽ።

«በአውቶቡስ ስትመለሱ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር። ልጁ ‹እማ፣ ምነው ዝም አልሽ?› ሲልሽ ‹ደክሞኝ ነው› አልሽው። ያስለቀሰሽ ሕመሙ አይመስለኝም። ሀገርሽ ሳለሽ ልጅ ሲታመም አዝለሽ የምትሄጂው አንቺ ነበርሽ። አሁን ልጅሽ እጅሽን ይዞ ይወስድሻል። እርሱ ነው ያስለቀሰሽ።

«አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ለማንም አልነገርሽም። የአውቶቡሱን ቁጥርና የሚሄድበትን ከተማ ራስሽ አንብበሽ፣ ማንንም ሳትጠይቂ ተሳፈርሽ። ልጁ እንኳ ልብ አላለም። እኔ ግን አይቼሻለሁ።

«በሚመጣው ቀጠሮ አማርኛ የምታውቅ ሴት እንድትገኝልሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ቃሉ ‹ሜጋሼሬት› ነው። እጅሽ ላይ ጻፊውና ሂጂ። በይ ደህና ሁኚ፤ ያንቺው፣ እኔው።»

ይህን ደብዳቤ ልብ ብላችሁ እዩት። ሲጀምር ስለ ሐኪም ቤት ነበር፤ መሃል ላይ ሲደርስ ስለ እናትነት ሆነ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የሚያስጨንቀን ነገር ስሙ ይህ ነው ብለን የምናስበው ሌላ ሆኖ፣ እውነተኛ ስሙ የሚወጣው አራት አምስት መስመር ከጻፍን በኋላ ነው። ስሙ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚደረገው ነገር ይታያል። «ሜጋሼር» ወይም «ሜጋሼሬት» የሚባሉት በአንዳንድ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች በእኛና በሠራተኞቹ መካከል ሆነው የሚያገናኙ፣ ቋንቋውንም ባህሉንም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መኖራቸውን ሳያውቅ በልጁ አፍ የሚታከም ወላጅ ብዙ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት «አንቺ» የሚለው ቃል ነው። አማርኛችን ለዚህ ነገር የተመቸ ቋንቋ ነው። «እኔ አዝኛለሁ» ብሎ መጻፍና «አንቺ አዝነሻል» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው የሚናገርሽ ይመስላል። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ኢታን ክሮስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በጭንቀት ጊዜ «እኔ» ከማለት ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው ወይም «አንተ» እያሉ ሲያነጋግሩ ጭንቀታቸውን ለመግታት እንደሚቀላቸው አሳይተዋል። ለሌላ ሰው ምክር መስጠት ለራስ ከመስጠት ስለሚቀል ነው። እንግዲህ አባቶች ለራሳቸው ሲጽፉ «አንተ» ይበሉ ወይስ «እርስዎ» የሚለውን ለእነርሱ እንተዋለን። እኛ ግን «አንተ» ይሻላል እንላለን፤ በልጅነት እናት እንደምትጠራው። ለራሱ «እርስዎ» እያለ የሚጽፍ ሰው እውነቱን ለመናገር ሁለት ገጽ ሳይፈጅበት አይቀርም።

መጻፍ ለጤና ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከሳይንሱ በኩልም መልስ አለ። ጄምስ ፔኔቤከር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች ለተከታታይ 4 ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲጽፉ አድርገዋል። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው እጅግ ከባድ ነገር ጻፉ። ስለ ከባዱ ነገር የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት፣ ጽፈው እንደጨረሱ ያን ጊዜ ከሌሎቹ ይበልጥ ከፍቷቸው ነበር። በተከታዮቹ ወራት ግን ወደ ሐኪም የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሀገር ተመሳሳይ ጥናት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 የ146 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ሥራ፣ ጥቅሙ እውነት መሆኑን፣ ነገር ግን በአማካይ ሲታይ አነስተኛ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ለራስ ደብዳቤ መጻፍ መድኃኒት ነው ብለን አንነግራችሁም። ወረቀትና 15 ደቂቃ ከሚያስከፍለው ዋጋ አንጻር ግን የሚሞከር ነገር ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሆድ ቢብሳችሁ እንዳትደነግጡም ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት የሚማሩላቸው ሁለት ወጣቶች የዚህ ልማድ ባለቤቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ደግሞ የተወለዱበትን ሀገር ለቀው በሌላ ሀገር የኖሩ ናቸው። አና ፍራንክ በጀርመን በፍራንክፈርት ከተማ ተወልዳ፣ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሆላንድ የተሰደደች ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1942፣ 13 ዓመት በሞላት ዕለት ደብተር ተሰጣት። በተደበቁበት ቤት ውስጥ ሆና የጻፈችው በደብዳቤ መልክ ነው፤ «ኪቲ» ብላ ስም ላወጣችላት፣ በዓለም ላይ ለሌለች ጓደኛ። የጻፈችውም በተወለደችበት በጀርመንኛ ሳይሆን በተሰደደችበት ሀገር ቋንቋ፣ በሆላንድኛ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤ የተጻፈው ነሐሴ 1 ቀን 1944 ሲሆን ከሦስት ቀን በኋላ ተያዙ። እርሷ በ15 ዓመቷ በካምፕ ሞተች፤ ከጦርነቱ የተረፉት አባቷ እ.ኤ.አ. በ1947 ደብተሯን አሳተሙት።

ሐና ሴኔሽ ደግሞ በሃንጋሪ በቡዳፔስት ተወልዳ ማስታወሻዋን በ13 ዓመቷ የጀመረችው በሃንጋሪኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ብቻዋን ወደ እስራኤል ምድር ገብታ በናሃላል የግብርና ትምህርት ቤት ተማረች። ማስታወሻዋም ከእርሷ ጋር ቀስ በቀስ ወደ ዕብራይስጥ ተሻገረ። ይህን ያነበበ ሰው አንዲት አዲስ ገቢ ልጅ ቋንቋ ስትለውጥ በወረቀት ላይ ያያታል። ስሟን በብዙ ከተማ በጎዳና ስም ታገኙታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በጃንጥላ ወርዳ አይሁዶችን ለማዳን ስትሄድ ተይዛ የተገደለችው እርሷ ናት።

ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ1980ዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ተነሥተው ወደ ሱዳን የወጡት ወገኖቻችን ማንነታቸውን ደብቀው በመጠለያ ሰፈር የሚኖሩ ነበሩ። በዚያ ሁኔታ ተቀምጦ ስለ ራስ መጻፍ የሚታሰብ አልነበረም። በመንገድና በሱዳን የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጸል ተራራ ላይ ቆሟል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን መንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት ይደረግላቸዋል። ያለፉበትን የምናውቀው የተረፉት ከብዙ ዓመት በኋላ ከነገሩን ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች መግባታቸው በየመጽሐፉ አለ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሌሊት አንዲት እናት በሆቴል ክፍል ውስጥ አምስት ልጆች ይዛ ምን እንዳሰበች ግን የምናነበው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 በጹር ይስራኤል ዘመቻ የገባችሁ ቤተሰቦችና ከዚያ ወዲህ የገባችሁት፣ ይህ ነገር ገና ትኩስ እያለ እጃችሁ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ይረሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ «አስቸጋሪ ነበር፣ አለፈ» ከማለት በቀር የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው፤ በሱቅ «ማሕቤሬት» በሉ። በራስጌው ላይ ቀኑን ጻፉ። የቻለ ሰው ቀኑን በኢትዮጵያም፣ በዕብራይስጥም፣ በአውሮፓም አቆጣጠር ቢጽፈው ጥሩ ነው፤ የኅዳር ወር መቼ እንደነበረና ሕሽቫን መቼ እንደሚብት ለልጆች ማስረዳት ሲያስፈልግ ይጠቅማል። ከዚያ «ይድረስ» ብላችሁ ጀምሩ። የእጅ ጽሕፈት ማማር የለበትም። ስሕተት አይታረምም፤ መምህር አያየውም።

ጊዜውን በሚመለከት በየቀኑ መጻፍ አለብኝ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ለእኛ የሚመቸው ሰንበት ከወጣ በኋላ ያለው ምሽት ይመስለናል። በሰንበት አይጻፍም፤ ሳምንቱ ግን በዚያ ቀን በሐሳብ ይደራጃል፤ ሲመሽ የሚጻፈው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልጆች ተኝተው፣ የመጨረሻው ቡና ተጠጥቶ፣ ስኒው ሳይታጠብ ያለችው ሰዓት ጥሩ ናት።

አስቸጋሪው ቦታው ነው። በመርካዝ ክሊታ ስድስትና ሰባት ሆኖ በሁለት ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ብቻ መሆን የሚባል ነገር የለም። አንዳንዱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ኡልፓን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። ደብተሩንም የቤት ሥራ ደብተር አስመስሎ ከሌሎቹ ጋር ማስቀመጥ ከመደበቅ ይሻላል፤ የተደበቀ ነገር ይፈለጋል። የበርበሬ ዕቃ ውስጥ የምታስቀምጥ እናት እንዳለች ሰምተናል፤ ማንም አይነካውም ብላ ነው፤ ደብተሩን ስታወጣው ግን ለደስታም ለኀዘንም ማስነጠሷ አይቀርም።

ቤት ውስጥ የምትፈሩት ሰው ካለ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ወረቀቱን ቤት አታስቀምጡት፤ ጽፋችሁ ቅደዱት። የተጻፈው ነገር ከሆድ ከወጣ ሥራውን ሠርቷል። በቤት ውስጥ ለሚደርስ ጥቃት በማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር በኩል በ118 መደወል ይቻላል።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ? በመጣላችሁ። አማርኛ ጀምሮ ዕብራይስጡ ራሱ ይገባል፤ ማንም አይከለክለውም። በመጀመሪያው ወር «ወረፋ ቆሜ» የሚለው ደብዳቤ በአራተኛው ወር «ቶር ይዤ» ይላል። «ጸሐፊዋ» የምትባለው «ፕኪዳ» ትሆናለች። የቆዩ ደብዳቤዎችን ገልጦ እነዚህን ቃላት መቁጠር ከኡልፓን ፈተና ይልቅ ምን ያህል እንደሄዳችሁ ያሳያል። ትግርኛ የሚቀላችሁም በትግርኛ ጻፉ።

ስለ ስም አንድ ነገር እንጨምር። ከእኛ መካከል ብዙዎች እዚህ ሲገቡ፣ በተለይ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። በመታወቂያው ላይ አንድ ስም፣ በእናት አፍ ሌላ ስም። አንዳንዱ በአዲሱ ስም ደስተኛ ነው፤ አንዳንዱ ሲጠራ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለዋል። የዕብራይስጥ ስም ያለው ሰው ለአማርኛ ስሙ ደብዳቤ ይጻፍ። «እኔ እዚህ ደርሻለሁ፤ አንተስ የት ቀረህ?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱንም በሌላ ሳምንት ይጻፍ። ይህን የሞከሩ ወጣቶች ከሌላው ደብዳቤ ሁሉ የረዘመው ይህ ሆኖ ቢያገኙት አንገረምም።

ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ አባቶችና እናቶች «ይህ ለእኛ አይደለም» እንዳይሉ። በ1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ እጃቸው ቢዝግም ፊደሉ አልጠፋም። ፊደል ጨርሶ ለማያውቁት ደግሞ ድምፅ አለ። ድሮ ከእስራኤል ወደ ጎንደር ካሴት ይላክ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ፤ ቤተሰቡ ቴፑን ከብቦ በየተራ ይናገር ነበር፤ ሕፃኑ ሳይቀር «እማማ፣ እንደምን አላችሁ» እንዲል ይገፋ ነበር። ዛሬ ይህ ቴፕ በየሰዉ ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። «ይድረስ ለራሴ» ብሎ መናገር፣ ከሳምንት በኋላ መስማት ነው። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ይለመዳል። ብቻ በዋትስአፕ ስትቀዱ ወደ ማን እንደምትልኩ አጥብቃችሁ እዩ። ለራስ የታሰበ ደብዳቤ ለአርባ ዘመድ የጋራ ቡድን የደረሰ ጊዜ የሚመጣውን ስልክ ማቆም አይቻልም።

ልጅን አስቀምጦ ማስጻፍ ግን ለዚህ አይሆንም። ለዘመድ የሚላከውን ልጅ ቢጽፈው ደግ ነው። ለራስ የሚሆነውን ግን እናት በልጇ እጅ ስታስጽፍ ተመልሳ «ደህና ነኝ» ማለቷ አይቀርም፤ ወይም ልጁ ሊሸከመው የማይችለውን ትጭንበታለች።

ልጆቹ ራሳቸው ሲጽፉ ደግሞ ወላጅ አይክፈተው። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። በእኛ ባህል የልጅ ነገር የወላጅ ነው፤ ልጅ ከወላጁ የሚደብቀው ምን አለ ይባላል። እዚህ ሀገር ግን ልጁ ቀን በዕብራይስጥ ይውላል፣ ማታ በአማርኛ ያድራል፤ መሃሉ ላይ የሚሆነው የራሱ የሆነ ነገር አለው። በፕኒሚያ ያሉ ልጆች ደግሞ ከቤት ርቀው ይኖራሉ። ደብተሩ አንድ ጊዜ ከተነበበ ልጁ ሁለተኛ አይጽፍም፤ አይናገርምም። የጨነቃችሁ እንደሆነ ልጁን ጠይቁት፣ አብራችሁ ቡና ጠጡ፣ መምህሩን አነጋግሩ።

ደብዳቤው ሁልጊዜ ጨለማ ብቻ የሚሆንበት፣ «መኖር ምን ይሠራልኛል» የሚለው ቃል የሚደጋገምበት ጊዜ ካለ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከደብተር በላይ ነው። ለቤተሰብ ሐኪም ይነገር። በቀንም በሌሊትም ለሚጨነቅ ሰው «ኤራን» የተባለው ድርጅት በ1201 ስልክ ይቀበላል። ያንኑ የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሄዳችሁ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ማሳየትም ይቻላል፤ በአፍ ለመናገር የማይደፈረው በወረቀት ይደፈራል።

በስተመጨረሻ ለኡልፓን ተማሪዎች አንድ የሚያዝናና ሥራ እናቅርብ። አንዱን ደብዳቤ በእውነት በፖስታ ላኩት። በፖስታው ላይ ስማችሁን፣ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥርና ከተማውን በዕብራይስጥ ጻፉ። «ሚኩድ» የተባለውን የአካባቢ ቁጥርም እንዳትረሱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 7 አሃዝ ሆኗል። ወደ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ «ቡል» ማለትም ቴምብር ግዙ፤ ወረፋውንም ቁጥሩንም ራሳችሁ ተወጡት። ከሲግድ በፊት እንዳይከፈት የፈለጋችሁ በጀርባው ላይ በአማርኛ «ከሲግድ በፊት አይከፈት» ብላችሁ ጻፉበት፤ ሕሽቫን 29 ሲደርስ፣ ከጸሎቱና ከምግቡ በኋላ ይከፈታል። ደብዳቤው ሲመጣ በፖስታ ሣጥናችሁ ውስጥ ከኤሌክትሪክ፣ ከውኃና ከአርኖና ክፍያ ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ ታገኙታላችሁ። ከመካከላቸው ማንም ሳያስተረጉምላችሁ የምታነቡት እርሱ ነው።